ይድረስ ለፀሐይ፦ በአዲስ አበባ ለተሠራሽው አውሮፕላን

ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ውድ ፀሐይ ሆይ፣

  ዕድሜ ከቆጠርን «አንቱ» ልልሽ በተገባኝ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዛሬ በየሰርጉ ተነሥቶ የሚመርቅ ሽማግሌ ነው። ነገር ግን ስማቸውን ያወረሱሽ ልዕልት በዚያን ጊዜ ገና የ16 ዓመት ልጃገረድ ነበሩና አንቺንም በዚያው ዕድሜ ስለማስብሽ «አንቺ» እያልኩ እጽፍልሻለሁ። ድፍረቴን ይቅር በይኝ።

የጻፍኩልሽ ላመሰግንሽ ነው። በጦርነት ጀብዱሽ የሚያመሰግንሽ ሰው ቢኖር ታሪክሽን አላየውም ማለት ነው። ቦምብ አልጣልሽም፣ የጠላት አውሮፕላን አላሳደድሽም፤ አየር ላይ የቆየሽበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ 30 ሰዓት ገደማ እንደሆነ ይነገራል። የኔ ምስጋና ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ ከመነሣትሽ በፊት፣ ገና እንጨትና ብረት ሳለሽ። እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በሰው እጅ ስለ ተሠራሽ፣ ተሠርተሽም እስከ ዛሬ ስለ ቆየሽ አመሰግንሻለሁ።

ለማያውቁሽ አንባቢዎች ጥቂት ልናገር። አውሮፕላንና ኢትዮጵያ የተዋወቁት በኤደን ነው። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ በኅዳር 1915 ዓ.ም. የእንግሊዝ አየር ኃይል ያሳየውን ትርኢት ካዩ በኋላ ራሳቸው ካልተሳፈርኩ ብለው ወጡ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ ደረሰ፤ የጀርመኑ ዩንከርስም ተከታተለ። አባቱ ሩሲያዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነው ሚሽካ ባቢቼፍ እና አስፋው አሊ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተርታ ቆሙ። መሬት የለቀቁት አብራሪዎች የኛ ሆኑ፤ የሚያበሯቸው አውሮፕላኖች ግን ሁሉም ከውጭ የተገዙ ነበሩ። አንቺ ስትመጪ ይህ ወግ ተሻረ።

የነደፉሽ ሄር ሉድቪግ ቬበር የሚባሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያገለግሉ ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ ናቸው። ሞተርሽ ከቼኮዝሎቫኪያ የመጣ «ዋልተር ቬኑስ» ነው፤ ሰባት ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩ፣ ጉልበቱ 115 የፈረስ ጉልበት የሆነ፣ ማለትም ዛሬ ወደ አዲሱ ገበያ ሰፈር ከምትወጣ ተራ የቤት መኪና ብዙም የማይበልጥ። ስምሽን «ኢትዮጵያ 1» አሉሽ፤ ከንጉሡ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ደግሞ የቤት ስምሽን ወረስሽ።

የተነሣሽበትን ወር ሳስብ ይገርመኛል። ኢጣሊያ ድንበር የጣሰችው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ቀን አድዋ በአየር ተደበደበች። ኅዳር 26 ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባት ደሴ ቦምብ ወረደባት። አንቺ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረርሽው ከዚያች ቀን ብዙም ሳይርቅ፣ በፈረንጆቹ የ1935 ታኅሣሥ ወር ውስጥ ነው። የጠላት አውሮፕላን በመቶዎች ሲቆጠር፣ የኛ፣ ከቺካጎ መጥቶ የረዳን ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ያበራቸውንም ጨምሮ፣ ከደርዘን ብዙም አያልፉም ነበር፤ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው መልእክተኛና ቁስለኛ ማመላለሻዎች ነበሩ። አገር ሰማይ እየወረደባት ሳለ አንድ ሰው «የራሳችንን አውሮፕላን እንሥራ» ብሎ ሥራውን ባይጨርስ ማንም አይወቅሰውም ነበር። አንቺን የሠሩሽ ሰዎች ግን ጨረሱሽ። በዚያች አስጨናቂ ወር ላደረጉት ውሳኔ አንደኛውን ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድልሽ አጭር ነው። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀቁ፣ ሚያዝያ 27 ጠላት ገባ፣ አንቺም ተማረክሽ። ወደ ኢጣሊያ ተወስደሽ በመጨረሻ ከሮም ብዙ በማይርቀው በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀመጥሽ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጹ ኢጣሊያ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ቅርስ፣ መዝገብና ታሪካዊ ዕቃ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። የአክሱም ሐውልት እንኳ እስከ 1997 ዓ.ም. ጠበቀ። አንቺ ደግሞ ከውሉ 77 ዓመት በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለስሽ። በዚያ ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባወጡት መልእክት በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው መሐንዲስ በቬበር እና በኢትዮጵያውያን እጅ መሠራትሽን ጠቅሰዋል።

«በኢትዮጵያውያን»። ደብዳቤዬ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው።

እኔ በጉለሌ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሮጌ ሞተር የሚያስደስተኝ ሰው ነኝ። ፎቶሽ በስልኬ ላይ እንደደረሰኝ ሰፈራችን ውስጥ ላሜራ ለሚሠሩ አንድ አረጋዊ ባለሙያ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አፍንጫሽን፣ ክንፍሽን፣ ጅራትሽን በጣታቸው እያሰፉ አዩ።

«ማን ነው የሠራት?» አሉኝ።

«ቬበር የሚባል ጀርመን ነው፣ ጋሼ።»

«እሱማ ነደፈ ልጄ። የቀጠቀጠው፣ የጠረበው፣ የሰፋው ማን ነው?»

ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ፍጥነትሽ፣ ስለ ንጉሡ ወይም ስለ ዋጋሽ አልጠየቁም። አንድ ሥራ ሲያዩ የሠራውን እጅ ይፈልጋሉ። እኔም ታሪክሽን ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓይን ነው።

የዚያ ዘመን ቀላል አውሮፕላን ምን እንደነበረ ላስታውስ። በአብዛኛው አጥንቱ ከእንጨት ወይም ከቀጭን ቧንቧ ይሠራል፤ በላዩ ላይ ጨርቅ ይወጠራል፤ ጨርቁም በመርፌ ይሰፋና ሲደርቅ የሚያጠብቀው ሙጫ መሰል ቀለም ደጋግሞ ይቀባል። የሞተሩ ዙሪያ በላሜራ ይሸፈናል። እንግዲህ አውሮፕላን ለመሥራት አናጺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀጥቃጭ፣ ቀለም ቀቢ ያስፈልጋል ማለት ነው። መሐንዲሱ አንድ ነው፤ እጆቹ ብዙ ናቸው።

እነዚህ ሙያዎች ለኛ እንግዳ አይደሉም። ከቤቴ ወጥቼ ወደ ሽሮሜዳ ብወርድ ሸማኔዎች ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያ ሲወረውሩ አገኛለሁ። ሸክላ ሠሪ፣ አናጺ፣ በያጅ፣ ላሜራ ሠሪ ሁሉ በጉለሌ አለ። አሳፋሪው ነገር ለዘመናት ለእነዚህ እጆች የነበረን ንቀት ነው። ብረት የሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ ያለፋውን ፋቂ፣ ልብስ ያለበሰንን ሸማኔ ቁጢት በጣሽ እያልን ሰድበናል፤ አብረን አንበላም፣ አንጋባም ብለናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጁ የደረሰው ስድቡ አገር ሥራ እስኪያሳጣ ድረስ ስለከፋ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ምላስ ግን ቶሎ አልተገራም።

ስለዚህ አንቺን ከሃያ ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ሰማይ ያነሡሽ እጆች በአብዛኛው የተናቁ ሙያዎች ውጤት ናቸው። በዚህ አገር ለቀጥቃጭ የሚሰጠው ከፍተኛ ማዕረግ የማይሰደብበት ቀን ነበር፤ አንቺ ግን ሥራውን ክንፍ ሰጥተሽ ሕዝብ አንገቱን አቅንቶ እንዲያየው አደረግሽ። ሁለተኛው ምስጋናዬ ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ሰው «ሞተሯ ከውጭ፣ መሐንዲሷ ጀርመን፤ ታዲያ ምኗ ነው የኛ?» ይላል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በዓለም ላይ በቤት የተሠሩ መኪናዎችና አውሮፕላኖች እንዴት እንደተወለዱ ቢያይ መልካም ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሰርቢተን በምትባል ሰፈር ቻርለስ ኩፐርና ልጁ ጆን ከሁለት አሮጌ ፊያት 500 የፊት ክፍሎችን ቆርጠው ገጠሙና ከኋላ የሞተር ሳይክል ሞተር አስገቡበት፤ የዚያ ጋራዥ ስም በ1959 እና በ1960 የፎርሙላ 1 የአምራቾች ሻምፒዮን ሆነ። ኮሊን ቻፕማን የመጀመሪያዋን ሎተስ በ1948 የሠራት ከአሮጌ ኦስቲን 7 ነው። እነዚህን መኪናዎች የፊያት ወይም የኦስቲን ናቸው የሚል የለም። ወጥ የሠራችው ሴት ሽንኩርቱን ከገበያ ገዛችው ተብሎ ወጡ የነጋዴው አይባልም። የተገዛው ሞተር ነው፤ ሞተሩን፣ እንጨቱንና ጨርቁን አገጣጥሞ የሚበር ነገር ያደረገው ሥራ ግን ተገዝቶ አልመጣም።

ነገር ግን የኩፐር ስም አለ፣ የቻፕማን ስም አለ፣ የቬበር ስም አለ። ያንቺ አናጺ ስም የት አለ?

ይህ የኛ ችግር ብቻ አለመሆኑን ልንገርሽ። ራይት ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1903 እ.ኤ.አ. ሲነሡ ያነሣቸውን ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ሞተር በስድስት ሳምንት ውስጥ የሠራው በብስክሌት ሱቃቸው የተቀጠረ መካኒክ ነበር። ስሙ ቻርሊ ቴይለር ይባላል። ለብዙ ዓመት ዓለም ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ሲያወራ እሱን ያነሣው ጥቂት ሰው ነበር። ዛሬ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአንጋፋ የአውሮፕላን መካኒኮች የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ተሰይሟል። ተፈልጎ የተገኘ ስም ነው። የኛም መፈለግ አለበት።

ከኛም ታሪክ ምሳሌ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡትን፣ ክብደቱ ወደ 7 ሺህ ኪሎ የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሁላችን እናውቃለን። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ ሥራውን የመሩትን የውጭ ሰዎች ስም መጻሕፍት ይዘውታል። ምድጃውን ያነደደውን፣ ጭቃውን ያቦካውን፣ በገመድ ይዞ መቅደላ ያወጣውን ሰው ስም የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንቺም በዚያው መንገድ እንድትቀሪ አልፈልግም። ሴባስቶፖል ከሰባ ዓመት ገደማ በፊትሽ የተሠራ ነው፤ አንቺን የሠሩሽ ሰዎች ግን ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ከተማዋም የትናንት ከተማ ናት።

ሰዎቹን እንዴት እንፈልጋቸው? በፋብሪካ በሺህ የተመረተ መኪና ታሪኩ በሻንሲ ቁጥሩ ይገኛል፤ በእጅ የተሠራ አንድ ብቻ ነገር ግን መዝገቡ አካሉ ነው። መነሻው ሞተርሽ ነው፤ የተመታበት ቁጥር መቼና ለማን እንደተሸጠ ይናገራል። እንጨትሽ ከሐበሻ ዛፍ ይሁን ከውጭ የመጣ፣ የእንጨት ባለሙያ ጭረቱን አይቶ ይለየዋል። ስፌትሽን የአውሮፓ የስፌት መመሪያ የመራው ይሁን የኛ ልብስ ሰፊ የሰፋው፣ መርፌ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ቀለምሽ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ተቀብቶበት ቢሆን፣ ሥሩ ያለው የመጀመሪያው ነው። በኢጣሊያ የታደሰውን ከዚህ ከተሠራው መለየት ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። እነዚህን ሁሉ በአካልሽ ላይ ይዘሽ መምጣትሽ ሦስተኛው ምስጋናዬ ነው፤ ምስክር ሆነሽ መጥተሻልና።

ከአካልሽ ቀጥሎ ወረቀት አለ። ከጉለሌ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ስድስት ኪሎ ላይ፣ የዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት የነበረው ገነተ ልዑል ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤት ነው፤ አንቺን ያሠራው መንግሥት ያደረበት ግቢ አሁን የተመራማሪ ግቢ ሆኗል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም፣ የዘመኑን ጋዜጦች ይዟል። የደመወዝ ዝርዝር፣ የጨርቅ ግዢ ደረሰኝ፣ የእንጨት ሒሳብ የመሳሰለ ጥቃቅን ወረቀት ለታሪክ ጸሐፊ አሰልቺ ሊመስለው ይችላል፤ የአናጺ ስም የሚገኘው ግን እዚያ ነው። ንጉሥ በአዋጅ ይጻፋል፣ ሠራተኛ በደመወዝ መዝገብ። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ ቤት ነው። በአዲስ አበባ ውስጥ አያቱ «አውሮፕላን ሠርቻለሁ» ሲል የሳቀበት ቤተሰብ ካለ፣ ዛሬ አልበሙን ይክፈት።

ስላወረሱሽ ስም ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ልዕልት ፀሐይ በቤተ መንግሥት አጊጠው የተቀመጡ አልነበሩም። በጦርነቱ ዘመን ሴቶችን አሰባስበው ለሠራዊቱ የሚሆን ሥራ አሠሩ። በስደት ዘመናቸው ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ተመረቁ፤ የንጉሥ ልጅ የሕፃን አልጋ አነጠፉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በሙያቸው ካገለገሉ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት፣ በ22 ዓመታቸው አረፉ፤ በአዲስ አበባም መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራላቸው። ስሙን የወረስሽው እጁን ለሥራ ከሰጠ ሰው ነው። ለሥራ የተሠራሽ አውሮፕላን ነሽና ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝልሽም ነበር።

ከአንቺ በኋላ ምን ሆነ ብለሽ ብትጠይቂኝ የምነግርሽ አለኝ። በታኅሣሥ 1945 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሠረተ፤ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፣ አየር መንገዱ «እሸት» የተባሉ የእርሻ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖችን በአሜሪካ ፈቃድ እዚሁ አዲስ አበባ ሠራ። የአፍሪካ አገሮች አውሮፕላኖቻቸውን ለጥገና ወደ ቦሌ ይልካሉ። በኛም ሰፈር፣ የቀድሞው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ልጆች ብየዳና የአውቶ ሜካኒክ ሙያ ይማሩበታል። ከእነዚያ ልጆች መካከል «ቴክኒክና ሙያ የገባሁት ነጥብ ስላልመጣልኝ ነው» እያለ አንገቱን የሚደፋ አለ። ያንን ልጅ አንቺ ፊት ባቆመውና «ይህችን የሠራው እንዳንተ ያለ እጅ ነው» ባልኩት እወዳለሁ። ስሙን ጭምር ብነግረው ደግሞ የበለጠ እወዳለሁ፤ ልጅ «ኢትዮጵያውያን» ከሚል ጥቅል ይልቅ እገሌ የሚባል ሰው ይመስጠዋልና።

ስለዚህ ምስጋናዬን ከጠያቂነት ለይቼ ልጨርሰው አልችልም። ለሚጠብቁሽ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ፦ ከፊትሽ በሚቆመው ጽሑፍ ላይ ከቬበር ስም በታች ባዶ መስመር ይተዉ። «ሠራተኞች፦» ብለው ይጻፉና መስመሩን ይተዉ። የሚያየው ሁሉ መሙላት እንዳለበት ይወቅ፤ የተገኘው ስም አንድ በአንድ ይግባበት። አባቶቻችን «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ፤ ሥራውን ለሠሪው ከተውን ስሙንም ከሥራው ጋር ልንተውለት ይገባል።

ከጦርነት ጭስ ውስጥ ተሠርተሽ ስለወጣሽ፣ የተናቀ እጅ ሥራ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ስላሳየሽ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ባዕድ አገር ቆይተሽ ምስክርነትሽን ይዘሽ ስለተመለስሽ፣ አመሰግንሻለሁ። የላሜራ ባለሙያው ጋሼም ሰላም ብለውሻል፤ ጥያቄያቸውን ግን አልተዉም፤ እኔም መልሱን መፈለጌን አላቆምም።

አክባሪሽ፣
አሮጌ ሞተር ወዳጅ፣ ከጉለሌ